ለሚያድግ ከተማ የሃያ ዓመት ውሃ፦ ጉድጓድ፣ ወንዝ፣ ግድብ ወይስ ከሩቅ ማምጣት?

ስለ ከተማ ውሃ ምንጭ መረጣ በተቀመጥኩባቸው ስብሰባዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «የትኛው ይረክሳል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ የሚቆጠረው የግንባታው ብር ብቻ መሆኑ ነው። በዚያ ሚዛን ከተሄደ ጉድጓድ ሁልጊዜ ግድብን ይረታል፣ ቀጭን ቱቦ ወፍራሙን ይረታል፣ ቅርብ ያለው ወንዝ ሩቅ ያለውን ምንጭ ይረታል። ሥራው ተመርቆ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው ግን ከተማው ተመልሶ ፈረቃ ውስጥ ይገባል። ሰፈሩ በሳምንት አንዴ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የምትመጣ ውሃ ሲጠብቅ ያድራል። የውሃ አገልግሎቱም የመብራት ሒሳብ ከከፈለ በኋላ ለጥገና የሚተርፈው ያጣል።

እዚህ የማነጻጽራቸው አማራጮች ከ30 ሺህ እስከ 150 ሺህ ነዋሪ ላላቸው የሀገራችን ከተሞች የሚሆኑ ናቸው። ሁሉንም የምመዝነው በሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው፣ ምንጩ በዓመቱ እጅግ ደረቅ በሆነው ወቅት በቀን ስንት ሜትር ኩብ ይሰጣል የሚለው ነው፤ ይህ ወቅት በብዙው ደጋ ክረምት ሊገባ ሲል ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይውላል። ሁለተኛው፣ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ቤት ድረስ ለማድረስ በሃያ ዓመት ውስጥ ስንት ያስወጣል የሚለው ነው፤ ግንባታው፣ መብራቱ፣ ኬሚካሉ፣ የሚቃጠለው ፓምፕ፣ የጥበቃው ደመወዝ ሳይቀር ተደምሮ። እነዚህ ሁለቱ ያልተጻፉበት የጥናት ሰነድ ሲቀርብላችሁ መልሱት።

ስንት ውሃ ነው የምንፈልገው?

60 ሺህ ሕዝብ ያላት ከተማ እንውሰድ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) የወጣው መለኪያ ከተሞችን በአምስት ደረጃ ይከፍላል። ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር፣ ከ100 ሺህ እስከ ሚሊዮን 80፣ ከ50 እስከ 100 ሺህ 60፣ ከ20 እስከ 50 ሺህ 50፣ ከዚያ በታች 40 ሊትር። ስለዚህ የኛ ከተማ ለነዋሪዋ ዛሬ በቀን 3,600 ሜትር ኩብ ያስፈልጋታል። ለሆቴሉ፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለመኪና እጥበቱና ለአነስተኛ ፋብሪካው ሩብ ያህል ብንጨምርበት 4,500 ይሆናል።

ከተማዋ በዓመት 4.5 በመቶ ብታድግ፣ በሃያ ዓመት 145 ሺህ ገደማ ትደርሳለች። ብዙ ዕቅድ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ 2.4 እጥፍ ሲሆን የውሃው ፍላጎት በዚያው ልክ አይቆምም። ከተማዋ 100 ሺህን ስታልፍ መለኪያው 80 ሊትር ይሆናል። ዛሬ ቦኖ ተሰልፎ በጀሪካን የሚቀዳው ቤተሰብ ነገ ግቢው ውስጥ ቧንቧ ያስገባል፤ ግቢው ቧንቧ የገባለት ደግሞ ሻወርና የውሃ ሽንት ቤት ያሠራል። እንዲህ ሲታሰብ 145 ሺህ ሰው በ80 ሊትር 11,600፣ ከድርጅቶቹ ጋር 14,500፣ መስመር ላይ የሚጠፋውን 20 በመቶ ስናስገባ 18 ሺህ፣ ፍላጎት ለሚበረታባቸው ቀናት የሚታሰበው ሲጨመር ደግሞ ወደ 22 ሺህ ሜትር ኩብ በቀን ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ዛሬውኑ ገንቡ አልልም። ፓምፑና የማጣሪያው ማሽን ለአስር ዓመት ቢታሰቡ ይበቃል፤ ኋላ ይጨመርባቸዋል። የምንጩ ቦታና ዋናው ቱቦ ግን ለሃያው ዓመት ይታሰቡ። ቱቦ ላይ መቆጠብ ውድ ቁጠባ ነው። ያንኑ መጠን ውሃ በ300 ሚሊ ሜትር ቱቦ መግፋት በ400 ሚሊ ሜትር ከመግፋት ይልቅ በሰበቃ ብቻ አራት እጥፍ ገደማ ጉልበት ያባክናል። ያ ልዩነት በየወሩ የመብራት ደረሰኝ ላይ ይወጣል፣ ቱቦው መሬት ውስጥ እስካለ ድረስ።

ከሁሉ በፊት፦ አሁን ያለውን ውሃ ማስቀረት

ይህን እንደ «ምንጭ» የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ አስቀምጠዋለሁ። ምሳሌያችን ከተማ ዛሬ 4,500 ሜትር ኩብ ለደንበኛ ለማድረስ፣ ብክነቱ 35 በመቶ ከሆነ 6,900 ያህል ማምረት አለባት። ብክነቱ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ 5,600 ይበቃታል። ልዩነቱ በቀን 1,300 ሜትር ኩብ ነው፤ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ በሰከንድ 15 ሊትር የሚሰጥ አንድ ደህና ጉድጓድ ማለት ነው። ለዚህ ጉድጓድ የቁፋሮ ማሽን አይመጣም፣ የመሬት ካሳ አይከፈልም፣ ውሃውም አስቀድሞ ተገፍቶ በክሎሪን ታክሟል።

አንድ ሌሊት ከአንድ የመስመር ሠራተኛ ጋር ወጥቼ ነበር። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የብረት ዘንግ ይዟል። በየቫልቩ ላይ ዘንጉን ያቆምና ጫፉን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። አራተኛው ላይ «ና ስማ» አለኝ። ከሩቅ እንደሚጠበስ ሥጋ ያለ ድምፅ ነበር። በማግስቱ ሲቆፈር አሮጌው የብረት ቱቦ ከመገጣጠሚያው ላይ ዝጎ ተከፍቷል፤ ውሃው ወደ ላይ ወጥቶ አይታይም፣ በቀጥታ ወደ ጎርፍ ቦዩ ይገባል። ማንም ሰው ፈሰሰ ብሎ አመልክቶ አያውቅም።

የራሳችሁን ከተማ ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ማጠራቀሚያው የሚገባውን ውሃ ዝጉና ለአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሚወርድ ለኩ። ወለሉ 125 ካሬ ሜትር የሆነ ማጠራቀሚያ በሰዓት 40 ሳንቲ ሜትር ከወረደ 50 ሜትር ኩብ ሄዷል፤ በቀን ሲባዛ 1,200 ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ፈረቃ ባለበት ከተማ ሮቶ የሚሞላው ሌሊት ስለሆነ፣ ልኬቱን ሮቶዎቹ ከሞሉ በኋላ አድርጉት፤ አለበለዚያ የሰው ቤት ውሃ ብክነት መስሎ ይቆጠራል። የተበላሸ ቆጣሪ፣ ቆጣሪ አልፎ የተቀጠለ መስመር፣ የማይከፍል መሥሪያ ቤት ሁሉ በዚሁ ሒሳብ ውስጥ አለ። እነዚህን ማስተካከል ግን ቱቦ ከመጠገን ይልቅ ከሰው ጋር መጣላት ስለሚጠይቅ ወደ ኋላ ይገፋል።

ጥልቅ ጉድጓድ

ለአብዛኞቹ ትንንሽ ከተሞቻችን ቀጥሎ መታየት ያለበት ይህ ነው። ትልቁ ጥቅሙ በየደረጃው መሠራት መቻሉ ነው፤ ዘንድሮ ሦስት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አራት። ውሃው በአብዛኛው ከክሎሪን ሌላ ማጣሪያ አይፈልግም፣ ፀሐይ አያተነውም፣ ደለል አይሞላውም።

ጣጣው ከመሬት በታች ያለውን በዓይን ማየት አለመቻሉ ነው። ቁፋሮው ባለቀ ቀን ውሃው በአየር ግፊት ወደ ላይ ሲፈነዳ ሰው እልል ይላል፤ «40 ሊትር በሰከንድ ሰጠ!» ይባላል። ያ ቁጥር የጉድጓዱ ዘላቂ አቅም አይደለም። ዘላቂው የሚታወቀው በፓምፕ ሙከራ ነው፤ መጀመሪያ መጠኑን በደረጃ እየጨመሩ፣ ከዚያ በአንድ መጠን ሳያቋርጡ ቢያንስ 72 ሰዓት በመሳብ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የውሃው ወለል ወርዶ የት ላይ ይረጋል፣ ፓምፑ ከቆመ በኋላስ በስንት ሰዓት ይመለሳል? ወለሉ ሳይረጋ ሙከራው ካለቀ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። ሙከራው በመስከረም ከተደረገም ጥያቄ አንሱ፤ የግንቦት ወለል ሌላ ነው።

በአንድ ከተማ ያየሁት እስካሁን ያበሳጨኛል። ሦስት ጉድጓዶች በ150 ሜትር ርቀት ተቆፈሩ። እያንዳንዱ ለብቻው ተሞከረ፤ ሦስቱም ጥሩ ሰጡ፤ ሦስቱ ቁጥር ተደምሮ የከተማው አቅም ተብሎ ሰነድ ላይ ሰፈረ። ሦስቱን አብሮ አስነስቶ የሞከረ አልነበረም። ሥራ ሲጀምሩ አንዱ የሌላውን ውሃ እየሳበ ወለሉ በሁለት በጋ ውስጥ ፓምፑ እስከተቀመጠበት ወረደ። ኦፕሬተሩ አንድ ቀን ጠዋት የቁጥጥር ሳጥኑ አጠገብ አቁሞኝ የአምፔር መለኪያውን አሳየኝ፤ መርፌዋ ትርገበገባለች፣ ፓምፑ አየር እየዋጠ ነበር። «ከአሥር ሰዓት በላይ ካስነሳሁት ይቃጠላል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሦስት ጉድጓድ እያለው የሚጠጣው የሁለት ጉድጓድ ውሃ ሆነ። የዕቅዱ ስህተት በርቀት ላይና በአንድ ያልተደረገ ሙከራ ላይ ነበር።

ስለዚህ ለሃያው ዓመት 22 ሺህ ሜትር ኩብ በጉድጓድ እናገኛለን ስትሉ እንዲህ አስቡ። ፓምፖቹ በቀን 18 ሰዓት ቢሠሩ በሰከንድ 340 ሊትር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ጉድጓድ 20 ሊትር ቢሰጥ 17 ጉድጓድ ነው፤ ለመጠባበቂያ ሁለት ሦስት ሲጨመር ሃያ። ሃያ ጉድጓድ አንዱ የሌላውን ውሃ ሳይሻማ የሚቀመጡበት መሬት አላችሁ ወይ? ዛሬ እርሻ የሆነው ያ መሬት ነገ ለቤት ሠሪዎች ማኅበር ቢመራስ? የጉድጓድ መስክ በከተማው ማስተር ፕላን ላይ ተከልሎ ካልተያዘ ሽንት ቤት ይከበዋል። የድሬዳዋ የከተማ ውስጥ ጉድጓዶች ታሪክ ይህ ነው፤ ሰፈሩ ሲጠጋና የመጸዳጃ ጉድጓዱ ሲበዛ ናይትሬት ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት የናይትሬት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ናይትሬት ሲፈላ አይጠፋም፣ ውሃው ሲተን ይባሱኑ ይከማቻል፤ በጣም የሚጎዳውም ጡጦ የሚጠቡ ሕፃናትን ነው።

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያሉ ከተሞች ደግሞ ከሁሉ በፊት ፍሎራይድ ያስመርምሩ። ወሰኑ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ጥርስ ከማበለዝ አልፎ አጥንት የሚያጎብጥ ነገር ስለሆነ «ሕዝቡ ለምዶታል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አዳማ ጉድጓዶቿን ትታ የአዋሽን ውሃ ወደ ማጣራት የዞረችው በዚህ ምክንያት ነው። አነስ ያለ ትርፍ ላለበት ጉድጓድ ማቀላቀል ይሠራል፤ ጉድጓዱ 3 ሚሊ ግራም፣ የምንጩ ውሃ 0.5 ቢሆን፣ ከጉድጓዱ 40 እጅ ከምንጩ 60 እጅ ቢቀላቀል በትክክል 1.5 ላይ ያርፋል። ይህ ግን በየቀኑ መለካትን ይጠይቃል፤ ምንጩ በበጋ ሲቀንስ ድርሻው ይለወጣልና።

ምንጭ

ምንጭ ከከተማው በላይ ካለ ያለማመንታት ውሰዱት። በራሱ ቁልቁል የሚወርድ ውሃ መብራት ሲጠፋ አይቆምም። ከበታች ካለ ግን ሒሳቡ ወደ ጉድጓድ ይጠጋል። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ከከተማዋ ግርጌ ጫካው ውስጥ ስለሆኑ ውሃው ወደ ላይ ይገፋል። ምንጭ ስትመርጡ ቢያንስ የሁለት ዓመት የበጋ ልኬት ይኑራችሁ፤ የሽማግሌ ቃልም ጠይቁ። «በሰባ ሰባቱ ድርቅ አልነጠፈም» የሚል ሰው ካገኛችሁ፣ ያ በመሣሪያ ያልተያዘ የብዙ ዓመት መረጃ ነው።

ወንዝ ጠልፎ ማጣራት

ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ወንዝ አጠገብ ያለ ከተማ በመጠን ረገድ ዕድለኛ ነው። ችግሩ በሐምሌ ወንዙ ጭቃ ሆኖ መምጣቱ ነው። ጭቃውን አጓጉሎ የሚያዘቅጠው ኬሚካል (አልም)፣ ማዝቀጫው፣ የአሸዋ ማጣሪያው፣ ላቦራቶሪው ሁሉ በየቀኑ የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል። የኬሚካሉ መግዣ አብዛኛው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በድሮ ዋጋ የተሰላ የኬሚካልና የመለዋወጫ በጀት ሁሉ እንደገና መሰላት አለበት።

ከጭቃው በላይ የምፈራው የላይኛውን ሰው ነው። ከጥር በኋላ ወንዙ ሲሳሳ፣ ከእናንተ በላይ ያለው ገበሬ አነስተኛ የቤንዚን ፓምፕ ይተክልና ሽንኩርቱን ያጠጣል። አንዱ ምንም አይደለም። ሁለት መቶው ግን ወንዙን በመንገድ ላይ ይጨርሱታል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው እንዲቀድም ይደነግጋል። ሕግ አለ ብሎ ግን የድሃ ገበሬ ፓምፕ በፖሊስ ማስነቀል መፍትሔ አይሆንም፤ እሱም የሚበላው ከዚያ ነው። ከላይ ካሉት ወረዳዎችና የመስኖ ማኅበራት ጋር በተራ የማጠጣት ስምምነት ከግንባታው በፊት መፈረም አለበት። አሸዋማ ወንዝ ላይ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ዳር ዳሩን ጉድጓድ አበጅቶ በአሸዋው ተጣርቶ የሚገባውን መሳብ። ጭቃውን አሸዋው ይይዘዋል፣ የማጣሪያው ሥራ ይቀላል።

ግድብ

ግድብ የክረምቱን ውሃ ለበጋ ያቆያል፤ ሌላው አማራጭ ሁሉ የማይሰጠው ነገር ይህ ነው። ፖለቲከኛውም ይወደዋል፣ ይታያልና። ሒሳቡን በምሳሌ ላሳያችሁ። በቀን 18 ሺህ ሜትር ኩብ ለ240 የበጋ ቀናት ለማጠጣት 4.3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መያዝ አለበት። የሐይቁ ፊት 80 ሄክታር ቢሆንና በበጋው 1.2 ሜትር ቢተን፣ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሜትር ኩብ ፀሐይ ትወስደዋለች። ከላይ ያለው ተፋሰስ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ከአንድ ሄክታር በዓመት 10 ቶን አፈር ቢመጣ ደግሞ በሃያ ዓመት 1.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ቦታ በደለል ይሞላል። ስለዚህ 4.3 ለመጠጣት ወደ 7 ሚሊዮን የሚይዝ ግድብ ትሠራላችሁ። ለተራቆተ ደጋ ደግሞ 10 ቶን ለስለስ ያለ ግምት ነው።

የጎንደር አንገረብ ግድብ ይህን በደንብ ያስተምራል። ለከተማዋ መጠጥ ውሃ የተሠራ ነው፤ ደለሉ ግን ከታሰበው በላይ እየገባ የመያዝ አቅሙን በልቶታል። ተዳፋቱ የታረሰ፣ ዛፉ የተመነጠረ ተፋሰስ ሥር ግድብ መሥራት ቀዳዳውን ሳይደፍኑ እንስራ መሙላት ነው። ጎንደር ተስፋ የጣለችበት መገጭ ግድብ በበኩሉ ግንባታው ከአሥር ዓመት በላይ የተንዛዛ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታዩ ከግድብ ጋር የሚመጡ ሁለት አደጋዎች ይገባችኋል፤ ሲዘገይ ከተማው በፈረቃ እየኖረ ይጠብቃል፣ ሲያልቅ ደግሞ የደለሉ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል።

ግድብ አትሥሩ እያልኩ አይደለም። ከርሰ ምድሩ ድሃ ለሆነ ከተማ ሌላ ምርጫ ላይኖረው ይችላል። ግን ከግድቡ አምስት ዓመት ቀድሞ እርከኑ፣ የጎርፍ መቀልበሻው፣ ከልቅ ግጦሽ የተጠበቀው ተዳፋት መጀመር አለበት፤ ገንዘቡም ከግድቡ በጀት ውስጥ ይቆረጥ። «በኋላ በሕዝብ ተሳትፎ ይሠራል» የተባለ እርከን ሳይሠራ ሲቀር ነው ያየሁት። የሚፈናቀለው ገበሬ ካሳም እንዲሁ አስቀድሞ ይታሰብ።

ከሩቅ ማምጣት

ሐረር ለረጅም ዘመን የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ደረቀ። አንድ ብቻውን ያደረቀው ጥፋተኛ የለም፤ የከተሞቹ ፓምፕ፣ የጫቱና የአትክልቱ መስኖ፣ ከኮረብታው የሚወርደው ደለል አብረው ሠሩት። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ቢይዝም፣ ሐረር ግን ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ድሬዳዋ ቆላ አዙራ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች በረጅም ቱቦ ማምጣት ነበረባት።

ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ መካከላቸው የደንገጎ ዳገት አለ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ለማውጣት፣ የፓምፑ ብቃት 60 በመቶ ቢሆን፣ 0.45 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበላል። ስለዚህ 700 ሜትር ብቻ እንኳ ብንቆጥር ለአንድ ሜትር ኩብ፣ ማለትም ለ50 ጀሪካን፣ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፤ የቱቦው ሰበቃ ገና አልተደመረም። ሐረር ሌላ መውጫ አልነበራትም። ሌላ መውጫ ያለው ከተማ ግን ይህን ቁጥር አይቶ ይወስን። የኛ ምሳሌ ከተማ በቀን 18 ሺህ ሜትር ኩብ 250 ሜትር ብትገፋ በየቀኑ 20 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ትከፍላለች፤ 60 ሜትር ብትገፋ ከ5 ሺህ በታች።

ረጅም መስመር ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ቱቦው የሚያልፍባቸው የገጠር ቀበሌዎች የራሳቸው ቦኖ ካልተሠራላቸው፣ በደጃቸው የሚያልፈውን ውሃ እያዩ ሴት ልጆቻቸውን ሁለት ሰዓት መንገድ ወደ ወራጅ ወንዝ አይልኩም፤ ቱቦውን ይበሱታል። እኔ አልፈርድባቸውም። የሐረሩ ዕቅድ አወዳይንና የሐረማያን ከተማ ጭምር ማካተቱ ትክክል ነበር። ከሩቅ ማምጣት ግድ ከሆነ ሁለት ሦስት ከተሞች ተባብረው አንድ መስመር ቢያወጡ ወጪው ይከፋፈላል፤ ማን ይጠግናል፣ ማን በምን ታሪፍ ይገዛል የሚለው ግን ቱቦው ከመቀበሩ በፊት ይጻፍ።

የጣሪያ ውሃና የተጣራ ፍሳሽ

100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ባለበት አካባቢ፣ 80 ሜትር ኩብ ያህል ይሰበስባል። ብዙ ነው፤ ግን በሦስት አራት ወር ውስጥ ስለሚመጣ ለበጋው የሚያቆይ ትልቅ ታንከር ይፈልጋል። ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ሸጋ ድጋፍ ነው፣ ከተማ ግን አይሸከምም። የናሚቢያዋ ዊንድሁክ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍሳሿን አጣርታ መልሳ ትጠጣለች። የፍሳሽ መስመር እንኳ ለሌለው ከተማ ያ ገና ሩቅ ነው፤ የታከመ ፍሳሽን ለችግኝና ለግንባታ ማዋል ግን አሁኑኑ ይቻላል።

እኔ ብሆን የምመርጠው

ከርሰ ምድሩ ደህና የሆነ የደጋ ከተማ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ብክነቱን ወደ 20 በመቶ አወርዳለሁ፣ ጎን ለጎን የተከለለ የጉድጓድ መስክ ላይ በየደረጃው እቆፍራለሁ፣ የግድቡን ቦታ ደግሞ ዛሬ በካርታ አስከብሬ ተፋሰሱን ማልማት እጀምራለሁ፤ ግድቡ የሚሠራው በሃያኛው ዓመት ቢሆንም። የስምጥ ሸለቆ ከተማ ከሆነ ፍሎራይዱ ይወስናል፤ ወንዝ ካለ ወንዝ፣ ከጎን ካለው ደጋ የሚወርድ ምንጭ ካለ እሱ ይቀድማል፣ ጉድጓዱ ለማቀላቀያና ለመጠባበቂያ ይቆያል። ቆላና ደረቅ አካባቢ ከሆነ በአንድ ምንጭ ላይ መንጠልጠል አያዋጣም፤ የአሸዋ ወንዝ ጉድጓድ፣ ጥልቅ ጉድጓድና ከሩቅ የሚመጣ መስመር እየተደጋገፉ እንዲሄዱ እፈልጋለሁ።

በየትኛውም ከተማ ቢሆን፣ ከፍተኛ የማንቀሳቀሻ ወጪ ያለውን አማራጭ ብድር ወስዶ ከመሥራት በፊት ታሪፉን በግልጽ ለሕዝብ እነግራለሁ። ለመብራትና ለመለዋወጫ የማይበቃ ታሪፍ ያለው መስመር ሲቆም፣ ድሃው ያንኑ ውሃ ከቦቴና ከጀሪካን ነጋዴ በብዙ እጥፍ ይገዛል። ቦኖ ለሚቀዳው ዝቅተኛው ታሪፍ ይጠበቅለት፣ ሆቴሉና መኪና እጥበቱ ግን ሙሉ ዋጋውን ይክፈሉ።

ሙሉ ጥናት እስኪያልቅ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ከፓምፑ ቱቦ ጎን ለመለኪያ የሚሆን ቀጭን ቱቦ መውረዱን አረጋግጡ፤ ከሌለ ፓምፑ ለጥገና ሲወጣ አብሮ ይግባ። ለኦፕሬተሩ የውሃ ወለል መለኪያ ሜትርና አንድ ደብተር ስጡት። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ እየሠራ ሳለ ደግሞ አንዴ ይለካና ቀኑን፣ ሜትሩንና ፓምፑ የሠራበትን ሰዓት ይጻፍ። መሐንዲሱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያን ደብተር ነው።